ፍየሏ ያገኘችው

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። በደርግ ጊዜ እንደነበረ ግን አውቃለሁ፤ አዲስ አበባ ለመሄድ ከገበሬ ማኅበሩ የይለፍ ወረቀት ለምኜ ነበርና።

የታመመችው ባለቤቴ ናት። ፎንቆ ገበያ ቅቤ ትሸጥ ነበር። ፀሐይ ላይ በዋለች ቁጥር ጉንጮቿ ይቀላሉ፣ ጣቶቿ ያብጣሉ፣ ትኩሳት ይጥላታል። ምች ነው ብለን ዳማከሴ ጨምቀን ቀባናት፤ አልለቀቃትም። የሆሳዕናው ሐኪምም አይቶ አይቶ፣ «ይሄ ከእኛ አቅም በላይ ነው፤ ደሟ አዲስ አበባ ይታይ» አለን።

ሄደን ደሟ ተቀዳ። ውጤቱ ቆይቶ ሲደርስ የላቦራቶሪ ሠራተኛዋ፣ ረጋ ያለች ሴት፣ ሁለታችንንም አስቀመጠችን። ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቀው ፀረ እንግዳ አካል እንደሚባል፣ የባለቤቴ ግን በሽታውን ትቶ የገዛ ሰውነቷን እንደሚያጠቃ ነገረችን።

«በምን አወቃችሁ?» አልኳት።

«በሌላ ፀረ እንግዳ አካል። ከፍየል ደም አውጥተው የሚያበራ ቀለም ያስይዙትና ከውጭ አገር በትንሽ ጠርሙስ ይመጣልናል። ከደሟ ጋር ስናገናኘው ያንን አጥፊውን ፈልጎ ይጣበቅበታል። በአጉሊ መነጽር ስናየው አረንጓዴ ያበራል።»

ባለቤቴ አማርኛዋ ብዙ አልነበረም፤ ፍየል የሚለውን ግን ሰማች። የቀረውን በሀዲይኛ ነገርኳት። አሰብ አደረገችና በዚያችው አማርኛዋ ጠየቀች።

«ፍየል አገኘ?»

«አዎ እናቴ፣ አግኝታዋለች።»

«ታዲያ አይበላም? የእኛ ፍየል ያገኘውን ሁሉ ይበላል።»

ሠራተኛዋ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ባለቤቴ አልሳቀችም። መልሱን እየጠበቀች ነበር። ያኔ ሴትዮዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ እጇን ያዘቻት።

«የዚችኛዋ ሥራ ማሳየት ብቻ ነው፣ እናቴ።»

የአዲስ አበባው ሐኪም ኪኒን አዘዘላት፤ ከፀሐይ ራቂ አላት። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ጥላ ባለበት በኩል አስቀመጥኳት። ሆሳዕና መናኸሪያ ስንወርድ፣ «ካገኙት በኋላ ቆመው ያዩታል ማለት ነው?» አለችኝ። በገዛ ቋንቋችን ነው የጠየቀችኝ።

ኪኒኑ ለአንድ ክረምት ደገፋት። ከዚያ እግሯ አበጠ፣ ፊቷ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት። እቤታችን፣ ክንዴ ላይ እንዳለች ሄደች።

ለቀስተኛው ሲበተን ከመደብ አልነሳም አልኩ። የባለቤቴ እናት ግን ወደ መንደራቸው ወደ ሆመቾ አልተመለሱም። ልጃቸውን የቀበሩት እሳቸው ሆነው ሳለ፣ ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍተው «ተነስ ልጄ፣ ፊትህን ታጠብ» ይሉኛል። እምቢ ስላቸው ውኃውን አምጥተው፣ የራሳቸው እንባ እየወረደ፣ የእኔን ፊት ያጥባሉ። ያን ጊዜ ማን አሻገረህ ብትሉኝ፣ አማቴ ናቸው።