ዳኛ ፊት ያልቆመች ጠበቃ

እህቴ ጠበቃ ናት። አባባ ይህን ስል ቢሰማኝ ኖሮ «የኩባንያ ነገረ ፈጅ በል» ብሎ ያርመኝ ነበር። እሱ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ጥቁር ካባውን ክንዱ ላይ ጥሎ ከችሎት ችሎት ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። ሕግ ማለት ለእሱ ዳኛ ፊት ቆሞ፣ ጉሮሮን ጠራርጎ መናገር ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ የኩባንያ ውል ማገላበጥ የጸሐፊ ሥራ ነው ይል ነበር።

እህቴ እንደተመረቀች ሁለት ዓመት አብራው ሠራች። ችሎት ፊት ስትቆም ድምጿ ይጠፋል፣ ላብ በላብ ትሆናለች፤ ቤት ስትመጣም እህል አይወርድላትም። በመጨረሻ ለእሱ ሳትነግረው አንድ ትልቅ ኩባንያ ሕግ ክፍል ገባች። አባባ ሲሰማ ሰባት ወር አኮረፋት። እኔ ፍሪጅ ጠጋኝ ስሆን አንድ ቀን እንኳ አላኮረፈኝም። ድሮም ከእኔ የሚጠብቀው ነገር አልነበረም መሰለኝ።

ያስታረቃቸው ዓይኑ ነው። የዓይኑ ብርሃን እየደከመ ሄዶ ማንበብ ሲያቅተው ቤት ዋለ፤ እሷም ከሥራ መልስ በየቀኑ ትመጣለት ጀመር። የመጀመሪያው ቀን «ዛሬ ምን ሠራሽ?» ሲላት ምን እንደነካት እንጃ፣ ኩባንያው ችሎት ቀርቤ እንድከራከርለት መድቦኛል አለችው። ፊቱ በራ። ከዚያ በኋላ መመለሻ አጣች። በየቀኑ አንድ ክርክር ትፈጥርለታለች፦ አንዱ ዳኛ ቁጡ፣ አንዱ እንቅልፋም፣ የተቃራኒ ወገን ጠበቃ ሁልጊዜ ወፍራም። እኔ በረንዳው ላይ የሰው ፍሪጅ ፈትቼ እየሰማሁ እስቃለሁ፤ እናደዳለሁም።

አንድ ቀን እሷ ከሄደች በኋላ አባባ ጠራኝ።

«እህትህ በዚህ ሳምንት ሦስት መዝገብ አሸነፈች» አለኝ።

ጎበዝ ናት አልኩት።

«ፍርድ ቤት እኮ ለዓመት ዕረፍት ከተዘጋ ሃያ ቀኑ ነው።»

ከችሎት ከራቀች ስድስት ዓመት አልፏት ስለነበር፣ ፍርድ ቤት የሚዘጋበትን ወር እንኳ ረስታዋለች። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ አባባ አፈረ። ያስፈራኋት እኔ ነኝ አለ። የምትሠራው ሥራ ምን እንደሆነ መስማት እንደሚፈልግ፣ ነገር ግን ተገዳ እንዲሆን እንደማይሻ ነገረኝ። «እንዳትነግራት። ራሷ እስክትነግረኝ እጠብቃለሁ» አለ። ቃል ገባሁለት። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔው ግን ነቀዘ።

እውነተኛውን ሥራዋን የምታወራው ለእኔ ነበር። ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቷ የመጋዘኑን ጓሮ የሚያይ ጠባብ ቢሮ አላት። በየገጹ ግርጌ የአንድ ነገረ ፈጅ ፊርማ ያላረፈበት ውል ከኩባንያው አይወጣም። ሌሎቹ ነገረ ፈጆች ውሉን አንብበው ይፈርማሉ፤ እሷ ወረቀቱን በብብቷ ይዛ ወርዳ፣ ሥራው የሚሠራበትን ቦታ ሳታይ አትፈርምም። ባልደረቦቿ «እግረኛዋ» ይሏታል። ሥራዋ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ከተሳካላት ምንም አይፈጠርም፤ ላልተፈጠረ ነገር ደግሞ ማን ያመሰግናታል? እሷ ግን ትወደው ነበር። ስለ ሥራዋ ስታወራ ድምጿ አይጠፋም።

አምና ኩባንያው ጫኝና አውራጆቹን ለሌላ ድርጅት ሊያስተላልፍ አሰበ። ውሉ አርባ ገጽ ነው። እህቴ እንደ ልማዷ ወረደችና እጁን በፋሻ የጠቀለለ አንድ ጫኝ አግኝታ፣ ከእንግዲህ ብትጎዳ ማን ያሳክምሃል አለችው።

«እናንተው ናችኋ» አላት፤ በጥያቄዋ ገርሞት።

ውሉ ግን እንዲህ አይልም። ኩባንያው አያገባኝም፣ አዲሱም ድርጅት አያገባኝም የሚልበት ወረቀት ነው። አልፈርምም አለች። አለቆቿ ተቆጡ፤ እንጀራሽን አስቢ ተባለች። ችሎት ፊት ድምጿ የሚጠፋው እህቴ አሥራ አንድ ኃላፊ በተቀመጠበት ስብሰባ ላይ ተነስታ ተናገረች። የተጎዳ ጫኝ ሕክምና የሚያገኝበት አንቀጽ እንዲገባ ተስማሙ። ሦስት መቶ የሚሆኑት ጫኞች እስከ ዛሬ አያውቋትም።

ማታውኑ ደወለችልኝ። «ዛሬ ገና ጠበቃ ሆንኩ» አለችኝ። ለአባባም እውነቱን ልትነግረው ቆርጣለች፤ ግን መጀመሪያ ውሉ ይፈረም አለች። ያልተፈረመ ነገር እንደማታወራ አውቃለሁ፣ የሙያ ልማዷ ነው። በዚያች ሰዓት «ያውቃል እኮ፣ እየጠበቀሽ ነው» ማለት ነበረብኝ። ቃሌን ጠበቅሁ። ፊርማው ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ በሁለተኛው ሳምንት አባባን ስትሮክ መታው፤ አንድ ጎኑን ያዘው፣ ነገርም ይምታታበት ጀመር።

ውሉ በተፈረመ ዕለት ጫማዋ የመጋዘን አቧራ እንደለበሰ መጣች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችው። ስድስት ዓመት ችሎት እንዳልቆመች፣ እንደዋሸችው፣ ስለ ጫኙ፣ ስለ አንቀጹ። አባባ እስክትጨርስ በትዕግሥት አዳመጣት። እኔም መፍቻዬን አስቀምጬ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ዳኛው የትኛው ነበር?» አላት። «ቁጡው ነው?»

እህቴ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ቁጡው ነው፣ አባባ።»

«ፈረደልሽ?»

«ፈረደልኝ።»

በደህናው እጁ ፈልጎ እጇን ያዘ። እሷም እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ከመጀመሪያው ጀመረችለት፤ ጫኙን ምስክር አደረገችው፣ አሥራ አንዱን ኃላፊዎች ተከሳሽ።

ስሸኛት በሩ ጋ ቆመች። «ቀደም ብዬ ነግሬው ቢሆን ይገባው ነበር?» አለችኝ።

«እንጃ፣ እትዬ» አልኳት። ይኸው ዓመቱ ነው፤ እስካሁን አልነገርኳትም።