ከቆዳ የማይጣበቅ ቲሸርት

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ አብዲ አንድ ካርቶን ቲሸርትና አንድ ክብሪት አስይዞኝ «ለዪ» አለኝ።

«ምኑን ከምኑ?»

«ጥጡን ከፖሊስተሩ።»

ቲሸርቶቹ ሁሉም ነጭ ናቸው። ሁሉም አንገታቸው ላይ ምልክት አላቸው፣ ምልክቱም ሁሉ «መቶ በመቶ ጥጥ» ይላል። ድሬዳዋ እያለሁ ልብስ ስለሰፋሁ ጨርቅ የማውቅ መስሎኝ ነበር። በጣቴ ሳሻሽ፣ ወደ ብርሃን ሳነሳ ቆየሁና ሁሉም አንድ ነው ብዬ ልምል ምንም አልቀረኝም። አብዲ ሳቀብኝ። ከአንዱ ጫፍ ክር መዘዘና ለኮሰው። ክሩ ቦግ አለ፣ እንደተቃጠለ ወረቀት ሸተተ፣ ስነካው አመድ ሆኖ ጣቴ ላይ ጠፋ። ከሌላው ቲሸርት ሌላ ክር መዘዘ። ያኛው ተኮማተረ፣ ቀለጠ፣ ጥቁር ጠጣር ዶቃ ሆነ፤ ሽታው የላስቲክ። ሱብሓነላህ! መንታ የሚመስሉ ሁለት ልብሶች ሆዳቸው ውስጥ እንዲህ መራራቃቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

«ምልክቱን የሚሰፋው ሰው ነው» አለኝ አብዲ፤ «ሰው ደግሞ፣ አቦ፣ ይዋሻል።»

አብዲ የሀርጌሳ ሰው ነው። በጦርነቱ ጊዜ ቤተሰቡ ወደ ድሬዳዋ ሸሽቶ እዚያ ስላደገ አማርኛው እንደ እኔው የድሬ ነው። እኛ ድሬዎች አለቃንም ሽማግሌንም «አንተ» ስለምንል አንድም ቀን አንቱ ብዬው አላውቅም፤ ብለው ኖሮ ታመሽ ወይ ይለኝ ነበር። ሱቁ እዚሁ ሀርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ናት፣ ከላይዋ ጠፍጣፋ ጣሪያ። ውስጧ በሙቀት ተጭኖ የሚያትም አንድ ሂት ፕሬስ፣ ቪኒል የሚባለውን ስስ ፕላስቲክ በፊደል ቅርጽ የሚቆርጥ አንድ ማሽን፣ ከበሩ ጀርባ ደግሞ አቧራ የለበሰ የሲልክ ስክሪን ጠረጴዛ ነበረ። እኔ በለዪነትና በአጣፊነት ገባሁ፤ ከዚያ ሂት ፕሬሱ ላይ አታሚ ሆንኩ፤ በመጨረሻ ዕቃ መራጭ ሆኜ ነው ሥራውን ለወጣቶች የለቀቅሁት።

ያልታተመው ልብስ ከዱባይ ተጭኖ በበርበራ ወደብ ይገባል። የብራንዶቹን ስም ለማንበብ የሚታገል የለም፤ አንገታቸው ላይ ባለው ሥዕል ነው የምንጠራቸው። ባለ መርከቡ ስስና ለስላሳ ነው፣ ህትመት ያምርበታል፣ ግን ሲታጠብ ይገባል። ባለ ዘንባባው ያብረቀርቃል፣ አይጨማደድም፣ ቀዩና ሰማያዊው ዓይን ይስባል፤ እሱ ፖሊስተር ነው፣ ምልክቱ ምንም ቢል። ባለ ግመሉ ወፍራም፣ ትንሽ ሻካራ፣ አንገቱ የማይለጠጥ የጥጥ ልብስ ነው። ደንበኛ ነካ አድርጎት «ይሄ ለክረምት ነው?» ብሎ ይመልሰዋል።

ሹራቦቹ የባሱ አታላዮች ናቸው። ከውጭ ጥጥ የሚመስለው ከውስጥ ለስላሳ ፖሊስተር ነው። አንድ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቀይ ባለ ኮፍያ ሹራብ ላይ ነጭ ጽሑፍ አዘዙ። አተምንላቸው፣ ደስ ብሏቸው ወሰዱ። ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። ቀዩ ቀለም ከሥር ወጥቶ ነጩን ሮዝ አድርጎታል።

«እኛ ነጭ ነው ያዘዝነው» አለ አለቃቸው።

«ሮዝ ያምርባችኋል» አለ አብዲ።

«ወንዶች ነን እኮ!»

አዲስ አተምንላቸው። ከዚያ ወዲህ ቀይ ፖሊስተር ላይ ነጭ ከማተማችን በፊት ከሥሩ ግራጫ መከላከያ ቀለም እናስቀድማለን።

አብዲ ጥብቅ ደንብ ነበረው። ከእያንዳንዱ አዲስ ካርቶን አንዱ ቲሸርት ይታጠባል፣ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ይመታዋል፣ እንደገና ይታጠባል። አንዱን ደግሞ ከእኛ አንዳችን ለብሰን እንሰነብታለን። ከጅልባቤ ሥር ያልለበስኩት ብራንድ የለም። ባለቤቴ ቤት ስገባ «ዛሬ ደግሞ የማን ማስታወቂያ ነሽ?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ጉሌድ የመጣው ሥራውን በደንብ ለምጄ፣ ዕቃ መምረጥ በጀመርኩበት ጊዜ ነው። ባጃጅ ይነዳል። ጅግጅጋ ስለተማረ አማርኛ ይችላል፤ እኔን «ኤዶ» ነው የሚለኝ፣ አክስቴ እንደማለት። እሱና የሰፈሩ ልጆች እሳት በተነሳ ቁጥር ቀድመው ይደርሳሉ። የውሃ ቦቴ ይጠራሉ፣ ዕቃ ያወጣሉ፣ ሰው ያወጣሉ። ማንም አልቀጠራቸውም። ግርግር ውስጥ ሌባ እየመሰሉ ስለሚገፉ አንድ ዓይነት ልብስ ፈለጉ።

«ባለ ዘንባባውን ቀይ፣ ኤዶ። ጀርባው ላይ በትልቁ "እሳት አጥፊ" በሶማልኛ፣ በነጭ። ከሩቅ የሚጮህ ይሁን።»

ለዓይን የሚያምር ትእዛዝ ነበር። እኔም «ማሻአላህ፣ ያምራል» ብዬ ተቀበልኩ።

በማግስቱ እናቱ መጣች። ኸዲጃን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ከሱቃችን ማዶ ጥግ ላይ የግመል ወተት ትሸጣለች። የወተት ዕቃዎቿን ደጅ ትታ ገባችና በሩን ገርበብ አደረገችው። እሷ በሶማልኛ፣ እኔ በተሰባበረ ሶማልኛዬ ተነጋገርን።

«አባዮ» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «ቲሸርቱን አትሥሪለት።»

«ለምን?»

«ልብሱን ከለበሰ ሥራው ይሆናል። ሥራው ከሆነ አይተወውም።»

«እኔ ባላትምለትም ይሄዳል፣ ኸዲጃ። እስካሁንስ ቲሸርት ነበረው?»

ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ናሙና፣ ቀዩን ባለ ዘንባባ፣ በሁለት ጣቷ አንስታ አሻሸችው።

«የባለቤቴ ወንድም የለበሰው እንዲህ የሚያብረቀርቅ ነበር» አለች። «ሱቁ ሲቃጠል ዕቃ ላውጣ ብሎ ገባ። ሐኪሞቹ ሸሚዙን ሲያወልቁት ቆዳው አብሮ መጣ። በዓይኔ አይቻለሁ። ልጄን ማስቀረት ካቃተሽ፣ ከቆዳው ሳይጣበቅ የሚወልቅ ስጪው። እኔ እንደመጣሁ አትንገሪው።»

ወተቷን አንስታ ሄደች። ስንት ዘመን ክር ስለኩስ፣ ዶቃ ሆኖ ሲደርቅ ሳይ፣ ያ ዶቃ ሰው ጀርባ ላይ ምን እንደሚሆን አስቤ አላውቅም ነበር።

ለአብዲ ነገርኩት። ቀልድ የማያጣው ሰውዬ አንድም ቃል አልቀለደም። ከጎረቤት የከሰል ምድጃ ተውሰን ጓሮ አወጣነው። ከሦስቱም ብራንድ አንዳንድ ቲሸርት ላይ የጉሌድን ጽሑፍ በቪኒል አተምኩና በሽቦ ከፍሙ በላይ ሰቀልናቸው።

ባለ ዘንባባው ጊዜ አልፈጀም። ተሸበሸበ፣ ከዚያ መንጠብ ጀመረ። ጠብታው እየነደደ ነው የሚወርደው፤ ሲሚንቶው ላይ ወድቆም ይነዳል። አብዲ «አዑዙ ቢላህ» እያለ ወደ ኋላ ሸሸ። ባለ መርከቡ ድሮ ጥጥ ነበር፤ አዲሱ ካርቶን ግን ቅይጥ ሆኖ ተገኘ፣ ግማሹ አመድ ግማሹ ሙጫ። ባለ ግመሉ ጨሰ፣ ቡናማ ሆነ፣ ጠርዛቸው የቀላ ቀዳዳዎች አወጣ፤ ጠብ ያለ ነገር ግን የለም። ያ ማንም የማይወደው ሻካራ ልብስ! ደስ ብሎኝ ላጨበጭብ ስል ሙቀቱ ጽሑፉ ጋ ደረሰ። ነጩ ቪኒል አረፋ አወጣ፣ ቀለጠና ከሰሉ ላይ ተንጠባጠበ።

ፈራሁ። ጽሑፉ የሚያርፈው መላ ጀርባውን ሸፍኖ ነው።

«ጨርቁ ደህና ነው፣ አቦ» አለ አብዲ ቀስ ብሎ። «ፕላስቲክ የለጠፍንበት እኛ ነን።»

ያን ቀን የሲልክ ስክሪኑን ጠረጴዛ ከበሩ ጀርባ አውጥተን አጠብነው። ይህ ዘዴ ስስ ጨርቅ በተወጠረበት ፍሬም ቀለምን በላስቲክ መግፊያ እየገፉ ማሳለፍ ነው። በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ከተጠቀሙ ጨርቁ ይጠጣዋል፤ ላዩ ላይ የሚቀር ልጣጭ የለም። ችግሩ፣ የኛ ነጭ የውሃ ቀለም ቀይ ልብስ ላይ ሲያርፍ ደብዝዞ ይጠፋል። በደንብ የሚታየው ጥቁር ቀለም በፈዛዛ ልብስ ላይ ነው። ባለ ግመሉ ደግሞ ከፈዛዛ ቀለም ያለው ቢጫ ብቻ ነበር።

ጉሌድ ናሙናውን ሲያይ ፊቱ ወደቀ።

«ኤዶ፣ ወላሂ፣ ይሄ ሙዝ ነው! የሙዝ ቀለም ለብሼ እሳት ፊት ልቁም?»

«ሙዝ ሆነህ ሂድና ሳትላጥ ተመለስ» አልኩት።

ሊስቅ ከንፈሩን ከፈተና ተወው። አጎቱን ያስታወሰ መሰለኝ። ቲሸርቱን አገላበጠው፣ ውፍረቱን መዘነው።

«ይሞቃል» አለ።

«ይሞቃል» አለ አብዲ። «ደግሞ ስማኝ። ይሄ የእሳት ልብስ አይደለም፤ ጥጥም ይነዳል። ነበልባል ውስጥ ያስገባኛል ብለህ እንዳትታለል። ሲይዝህ እንዲወልቅልህ ብቻ ነው።»

ሁሉንም በቢጫ ሠራንላቸው። ሰፈሩ «ሙዞቹ» ብሎ ጠራቸው፤ እነሱም ለመዱት።

እሳቱ የተነሳው ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት፣ በኋላ ነው። ጣሪያ ላይ የታጠቡትን ልብሶች ሳነሳ ከጨርቅ ተራው በኩል ጥቁር ጭስ አየሁ። ወርጄ ሮጥኩ። መጋረጃውና ምንጣፉ፣ ለጥላ የተወጠረው ላስቲክ ሁሉ እየነደደ ከላይ ይንጠባጠባል፤ እሳት ይዘንባል ብል አላጋነንኩም። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይሮጣል። ቢጫዎቹ ወደዚያ ይሮጣሉ። ሰው ከእሳት ሲሸሽ ነበር የማውቀው። እኒህ ትናንት የባጃጅ ዋጋ ሲከራከሩኝ የነበሩ ልጆች ናቸው? በጭሱ ውስጥ ጀርባቸው ላይ ያለውን ጥቁር ጽሑፍ አነብበው ነበር፤ የእኔ እጅ የገፋው ቀለም ነው። እንደዚያ ቀን በሥራዬ ተደንቄም ፈርቼም አላውቅም።

ኸዲጃ አጠገቤ ቆማለች። አታለቅስም። ከንፈሯ ዱዓ ያደርጋል፣ ዓይኗ ቢጫ ይፈልጋል።

ጉሌድ አንድ ሽማግሌ አዝሎ ወጣ። ሽማግሌውን ጓደኞቹ ተቀበሉትና ጉሌድ ቀና ሲል የሚነድ ላስቲክ ከላይ ተገንጥሎ ትከሻው ላይ ወደቀ። ቲሸርቱ ተያያዘ። ሁለት ጓደኞቹ ተረባርበው በእጃቸው መቱት፣ ከዚያ ልብሱን ከታች ይዘው ወደ ላይ ሳቡት። በአንድ ስበት በራሱ በኩል ወጣ። ከቆምንበት ቆዳው አይታየንም። ባጃጅ ላይ ጭነው ሆስፒታል ወሰዱት፤ ኸዲጃ ባዶ እግሯን ከኋላ ሮጠች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። ሥራ እጄ አልገባ አለ። የኸዲጃ ጥግ ባዶ ነበር፤ ሰው ሁሉ የተለያየ ወሬ ያወራል፣ እኔም ሄጄ ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ራሷ መጣች። ከፌስታል ውስጥ ቲሸርቱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ትከሻውና ጀርባው ተበሳስቷል፤ የቀዳዳዎቹ ጠርዝ ጥቁርና ተሰባሪ ነው፣ ስነካው አመድ ይሆናል። የደረቀ ሙጫ የለበትም።

«ክንዱ ትንሽ ተቃጥሏል» አለች። «ጀርባው ደህና ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ቆዳው የራሱ ነው።»

እንባዬ መጣ። አብዲ ወደ ማሽኑ ዞረና ያልተበላሸውን ማሽን መጠገን ጀመረ።

ኸዲጃ ፌስታሏን አጠፈች። የምትሄድ መስሎኝ ልሸኛት ተነሳሁ።

«ሌላ አትሚለት» አለችኝ። «ይሄ ተቀዷል። ልኩን ታውቂዋለሽ።»

ጆሮዬን አላመንኩም። «አትሥሪለት ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ» አለች። «ሽማግሌውን አዝሎ ሲወጣ አየሁት።»

ባለ ግመሉን ቢጫ ከመደርደሪያው አውርጄ ያንኑ አተምኩላት። ቀለሙ እስኪደርቅ ቆማ ጠበቀች።

አሁን ሥራውን የጀመራችሁ ልጆች የትኛው ብራንድ ይሻላል እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። መጀመሪያ ደንበኛው ለብሶት ምን እንደሚሠራ ጠይቁ። ከዚያ የምትፈትኑት ባዶውን ልብስ ሳይሆን የታተመውን ይሁን።