ሊማሊሞን ስንወርድ

ትናንት ከደባርቅ ወደ አዲአርቃይ ስንወርድ የተቃጠለ የፍሬን ሽታ ሚኒባሱ ውስጥ ገባ።

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከአባቴ ጋር በጭነት ማኪና ተሳፍረን በዚሁ በሊማሊሞ ቁልቁለት ስንወርድ ያው ሽታ መጣ። ሾፌሩ ዳር ይዞ አቆመና፣ «ፍሬኑ አላማረኝም። ውረዱና በእግር ተከተሉኝ፤ ታች ድልድዩ ጋ እጠብቃችኋለሁ» አለ።

ሁላችንም ወረድን። ጥቁር የለበሱ አንዲት እናት ብቻ ነጠላ የለበሰ ረጅም ሣጥን አቅፈው ቀሩ።

«ምነው እናቴ፣ አይወርዱም?» አላቸው አባቴ።

«ልጄን በዚህ ገደል ብቻውን አልሰደውም።»

ልጁን በዓይኔ ፈለግሁት፤ አጣሁት። «አባዬ፣ ልጃቸው የታለ?»

«ተኝቷል» አለኝ። ከዚያ እጄን ለአንዲት ተሳፋሪ አስያዘና ተመልሶ ወጥቶ ከእናትየው ጎን ተቀመጠ።

ማኪናዋ በጠመዝማዛው በተሰወረች ቁጥር እየጮህሁ አለቀስሁ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ቆማ አገኘናት። አባቴ እናትየውን ደግፎ አወረዳቸው።

«ለምን ጥለኸኝ ሄድህ?» ብዬ እግሩን መታሁት። ወንዙ ዳር ቁጭ ብሎ ፊቱን ደጋግሞ ታጠበ።

ሣጥኑ ውስጥ ማን እንደነበረ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ያም ሆኖ ቅሬታዬ አልወጣልኝም። ትናንት ትንሿ ልጄ ጎኔ ተቀምጣ ነበር። እኔ በአባቴ ቦታ ብሆን ትቻት እወጣ ነበር? ቁልቁለቱ እስኪያልቅ እጇን አልለቀቅሁም።