የአሮጌዋ ቮልስ ልስን

አሮጌዋን ቮልሴን ሳድሳት ሁሉም ነገር ተሳካልኝ፤ የባሕር ዳር ሙቀት ብቻ ጣሪያዋን አልፎ አናቴን ሲያበስለኝ ይውላል። እዚሁ ሰባታሚት ጎረቤቴ የሆኑት ጋሼ ሙሉ፣ «እበትና አመድ አቡክተህ ውስጧን ለስናት፤ ሙቀት ዝር አይልባትም» አሉኝ።

ሦስት ቀን ሙሉ ተንጋልዬ፣ እበቱ ዓይኔ ላይ እየተንጠባጠበ ለሰንሁ። ሚስቴ ከነሽታዬ ቤት አላስገባም አለች። እንዲደርቅ ብዬ መስኮቷን ከፍቼ ትቻት፣ በሳምንቱ በሯን ብከፍት መንጋ ንብ መሪዋ ላይ ተንጠልጥሏል! ሁለት ቦታ ተነድፌ ወደ ሰውዬው ሮጥሁ።

«ጋሼ፣ ምን ጉድ ነው ያስለሰኑኝ?»

መጥተው በመስኮቱ አጮለቁና ፊታቸው በራ።

«እኔ እኮ ቀፎዬን የምለስነው በዚሁ ነው! የእኔው ግን ዘንድሮም ባዶውን ነው፤ አንተ ዕድለኛ ነህ። አደራህን፣ ማሩ ሳይቆረጥ እንዳትነዳት!»