ቡፌ ውስጥ የቆለፍኩት ዋይፋይ

እኔ የምፈራው ነገር ብዙ ነው። ቆጣሪ እፈራለሁ፣ ሊፍት እፈራለሁ፣ ከመገናኛ ወደ ካራ የሚበር ሚኒባስ እፈራለሁ፤ ሰው በማለዳ በር ሲያንኳኳማ ከሁሉ ይበልጥ እፈራለሁ። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ከዚያ በኋላ ያደግኩት እንጦጦ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክሜ ነው። ማንበብና መጻፍ ግን አልረሳሁም፤ ይኸው እጽፋለሁ። የምጽፈውም ስለ ዋይፋይ ነው። የሚስቅ ይሳቅ።

አንድ ልጅ ነው ያለችኝ፤ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። አርብ አርብ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ትተነፍሳለች፣ ያኔ ነው የምንገናኘው። መጀመሪያ በድምፅ ብቻ ነበር። ኋላ «እማዬ፣ ፊትሽን ማየት አለብኝ» አለችና ዋይፋይ አስገባችልን። ሁለት ሰዎች መጡ፣ ከምሰሶው ገመድ ሳቡ፣ ነጭ ሣጥን የመሰለ ዕቃ ሳሎን ቡፌው አናት ላይ አስቀመጡ፣ የሚስጥር ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ሰጡኝና ሄዱ። ሣጥኑ ሁለት ቀንድ አለው። አረንጓዴ ዓይኑን ብልጭ ድርግም ያደርጋል።

የመጀመሪያው አርብ ልጄ ጥርት ብላ ታየች። ቅንድቧን ሳይቀር አየሁት። አለቀስኩ፣ አለቀሰች፣ ባለቤቴ «ፊልም ነው እንዴ?» ብሎ ወጣ።

እንግዲህ ውድ ዕቃ እንዴት እንደሚያዝ አውቃለሁ። እኛ ቤት ቴሌቪዥኑም፣ ሬዲዮኑም፣ ፍሪጁም ልብስ አላቸው። ለሣጥኑም በሦስት ቀን ዳንቴል ሠራሁለት፤ ለቀንዶቹ ሳይቀር ለየብቻ ኮፍያ። ግን የሰው ዓይን አለ፣ ሌባም አለ። ስለዚህ ዳንቴሉን አልብሼ ቡፌው ውስጥ አስገባሁት። ለበዓል ብቻ ከሚወጡት ብርጭቆዎችና ከትልቁ የብረት ትሪ ኋላ፣ ከመስተዋቱ ጋር አስጠግቼ። ባለቤቴ ለገመዱ በቡፌው ጀርባ ቀዳዳ ሠራልኝ። ቆለፍኩና ቁልፉን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት። ያን ቀን ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

እንዲያም ሆኖ ሣጥኑ ባለበት ክፍል ተቀምጬ መደወሉን አልወደድኩትም። ኤሌክትሪክ ከኤሌክትሪክ ጋር ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል? ስልኬን ይዤ ግቢ ያለው የቆርቆሮ ማድ ቤት እገባና በሩን ዘግቼ እደውላለሁ።

ከዚያ ምስሏ መበላሸት ጀመረ። ፊቷ እንደተፈረፈረ ድፎ ዳቦ ይቆራረጣል። ድምፅዋ ቀድሞ ይመጣል፣ አፏ በኋላ ይከፈታል። አንድ ቀን አንድ ዓይኗ ተከድኖ፣ አፏ ተከፍቶ ቀጥ ብላ ቀረች። ጮህኩ።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል? እኔ እኮ ደህና ነኝ፤ ኔትወርክ ነው!» አለች ድምፅዋ፣ ፊቷ እንደዚያው ሆኖ።

ኔትወርክ ነው። ይህችን ቃል የፈራኋትን ያህል ጅብ ፈርቼ አላውቅም። እኛ አገር ክፉ ወሬ ለቅርብ ሰው መጨረሻ ነው የሚነገረው። ጎረቤት ይሰማል፣ ዕድርተኛው ይሰማል፣ እናት ግን «ደህና ናት፣ ደህና ናት» እየተባለች ትከርማለች። ከእኛ ቤት ዝቅ ብላ ያለች አንዲት እናት ልጇ ታምማ ሆስፒታል ተኝታ፣ ሁለት ወር ሙሉ «ስልኳ ተበላሽቶ ነው» ተብላለች። ልጅቷ ድና ወጣች፣ ተመስገን። ሴትዮዋ ግን ከዚያ ወዲህ የተበላሸ ስልክ አይታ አታምንም። እኔም የልጄ ምስል በጠፋ ቁጥር ከኋላው አንድ የተደበቀ ነገር አለ እላለሁ። ደግሞም አየሁ፤ ምስሉ ለቅጽበት ሲመለስ ሻሿን በአንድ ጉንጯ ላይ ጎተት ታደርጋለች። ቤት ውስጥ፣ በዚያ ሙቀት!

ባለቤቴ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። የተበላሸ ነገር ሁሉ ለእሱ የተበላሸ መኪና ነው።

«ሞተሩ ሞቋል» አለኝ።

«ምን ሞተር አለውና?»

«የማይሞቅ ነገር የለም። ሲሞቅ ያሳርፉታል።»

ሶኬቱን ይነቅለዋል። ሣጥኑ አርፎ፣ ተነሥቶ፣ ዓይኑን ገልጦ እስኪመለስ የልጄ ዕረፍት ያልቃል። በሚቀጥለው አርብም ገና ምስሏ ሊጠራ ሲል «ሞቋል!» እያለ ከሳሎን ይጮሃል፣ ይነቅለዋል። እኔም እግዜር ይስጥህ እለዋለሁ።

መላ ሳጣ ያለፈው ዘመን ትዝ አለኝ። ሞባይል ገና የገባ ጊዜ የካራ ሰው ሁሉ ጉብታ ላይ ወጥቶ «ሃሎ!» ሲል ነበር የሚውለው። ኔትወርክ ከፍታ ይወዳል። ከፍታ ከሆነ ደግሞ ከእንጦጦ ማርያም የሚበልጥ የት ይገኛል? አንድ አርብ ለባለቤቴ ማርያምን ልሳለም ብዬ ወጣሁ፤ ሁለት ታክሲ ይዤ፣ ቀሪውን በእግሬ። ተሳልሜ ከጨረስኩ በኋላ ከአጥሩ ውጭ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ቆሜ ደወልኩ። ምስሉ ይቅርና መጥራቱም ቀረ። ስልኩን ወደ ሰማይ ዘረጋሁት። አዞርኩት።

ጧፍ የምትሸጥ አንዲት ሴት ስታየኝ ቆየችና፣ «እትዬ፣ ዳታ አለዎት?» አለችኝ።

«ዋይፋይ ነው ያለኝ» አልኩ ኮራ ብዬ።

«የት ነው ያለው?»

«ቤት ነዋ። ቡፌ ውስጥ።»

አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ታዲያ ቡፌውን ይዘውት አይመጡም ነበር?» አለችና አጠገቧ ካሉት ሴቶች ጋር ተንከተከቱ።

ተናድጄ ቁልቁለቱን ጀመርኩ። ልጅ ሆኜ ሸክም ይዤ ስሮጥበት የኖርኩት ቁልቁለት ነው። ደረቅ ቅጠል አንሸራተተኝና በአፌ ተደፋሁ። የላይኛው ሁለት የፊት ጥርሴ እዚያው ቀረ። ስልኩ ምንም አልሆነም፤ ደረቴ ውስጥ ነበር።

ቤት ስገባ ለባለቤቴ መጀመሪያ የነገርኩት ስለ ጥርሴ አልነበረም። «ለልጅቷ ትንፍሽ እንዳትል» አልኩት። በሰው አገር ምን ታድርግ? ታለቅሳለች፣ ሥራዋን ትበድላለች። ባለቤቴ ትክ ብሎ አየኝና፣ «እሺ፣ አልልም» አለ። ያን አስተያየቱን ያኔ የሐዘን መስሎኝ ነበር።

እንዲህ ሆነና ስረግመው የኖርኩት ክፉ ኔትወርክ ለእኔም ጠቀመኝ። ማድ ቤቱ ጨለማ ነው፣ ነጠላዬን አፌ ላይ ጣል አደርጋለሁ።

«እማዬ፣ ፊትሽ አይታየኝም።»

«ኔትወርክ ነው፣ ልጄ።»

«ድምፅሽ ደግሞ ያፏጫል።»

«እሱም ኔትወርክ ነው።»

እሷን ውሸታም እያልኩ እኔ እዋሻለሁ፤ ውሸቱም የእሷው ነበር፣ ቃል እንኳ አልለወጥኩም። ፍርሃቴ ግን አልቀነሰም። እኔ ይህን ያህል ከደበቅኩ እሷ ምን ያህል ደብቃ ይሆን? ማለዳ እየተነሣሁ የውጭ በሩን አዳምጣለሁ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚመጡ ይመስለኛል።

ግቢያችን ውስጥ አንዲት ተከራይ አለች፤ ጉርድ ሾላ ቢሮ የምትሠራ፣ ፈጣን ልጅ ናት። የሚስጥር ቁጥሩን ሰጥቻት እሷም በዋይፋዩ ትጠቀማለች። አንድ አርብ ፈቃድ ወስዳ ቤት ውላ ነበርና ከምሳ በኋላ ወደ ሳሎን መጣች።

«እትዬ፣ ይሄ ዋይፋይ ሞቷል እንዴ?»

ሞት የሚለውን ቃል ስሰማ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ዳቦውን፣ ሻሹን፣ ማድ ቤቱን።

«ሣጥኑ የት ነው?» አለች።

ከነጠላዬ ጫፍ ቁልፉን ፈታሁ። ቡፌውን ከፈትኩ፣ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አወጣሁ፣ ትሪውን አነሣሁ። ልጅቷ አንገቷን አስግጋ አየችና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሳቋ እስኪበርድላት ጠበቅኳት።

«እትዬ፣ ይቺ እኮ ሙሽራ ናት! ከነሚዜዎቿ!»

«ብርድ እንዳይመታው ነው» አልኩ። ምን ልበል?

«በአየር ነው እኮ የሚሄደው። ብረትና መስተዋት ይመልሰዋል። እርስዎ አፍነው፣ ቆልፈው፣ ከዚያ ደግሞ ቆርቆሮ ቤት ገብተው ይጠሩታል። እንዴት ይስማዎት?»

አላመንኳትም መሰለኝ፣ እጄን ይዛ አሳየችኝ። ስልኩ አናት ላይ ያሉትን መስመሮች እያየን ከሳሎን ተነሥተን ማድ ቤት ገባን፤ አንዲት ብቻ ቀረች። ሣጥኑን አውጥታ ራቁቱን ቡፌው አናት ላይ፣ ሰዎቹ መጀመሪያ ባስቀመጡት ቦታ አኖረችው፤ ቀንዶቹን አቆመችለት። እኔንም ሳሎን ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። አሁን ሦስቱም መስመሮች ሞሉ።

«የእኔም ጥፋት አለበት» አለች። «አርብ ከሰዓት ላፕቶፔ ራሱ ፊልም እንዲያወርድ አዝዤ፣ ቤት ትቼው ነው ቢሮ የምሄደው። ሁለታችንም በአንድ ቀጭን ቧንቧ ውሃ እንደመቅዳት ነው። አቆምኩት።» ከዚያ ስልኬን አገላብጣ አየች። «ይሄ የካሜራው መስተዋት ላይ ያለው ምንድን ነው? ቅቤ?»

ጠጋ ብዬ አየሁ። ቅቤ ነበር። በርበሬም አላጣውም። በሸሚዟ ጫፍ ጠረገችው። አትጥረጊው ልላት ፈልጌ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እኔ ብቻ ነበር የማውቀው።

ስልኩ እዚያው እጇ ላይ ጮኸ። ልጄ ናት። ይህኔ ባለቤቴ ከውጭ ገብቶ ሣጥኑን ቡፌው አናት ላይ ሲያየው ክው አለ።

«ሞቋል!» አለና ወደ ሶኬቱ ሮጠ። «እጅግ ሞቋል፣ ይረፍ!»

ተከራይዋ ሣጥኑን ዳሰሰችው። «ቀዝቃዛ ነው እኮ፣ ጋሼ።»

«ንካውና ታየኛለህ!» አልኩት። ነጠላዬ በዚህ መሃል ከአፌ ወርዶ ነበር፤ አላስተዋልኩም።

ስልኩን አነሣሁ። ልጄ መጣች። ምንም ሳትቆራረጥ፣ ልክ እንደ መጀመሪያው አርብ፣ ከነቅንድቧ። ሻሿ ትከሻዋ ላይ ነው። ከጆሮዋ ሥር እስከ አገጯ ድረስ የተቃጠለ ቆዳ።

«ፊትሽ!» አልኩ እኔ።

«ጥርስሽ!» አለች እሷ።

«ፊትሽ ምን ሆነ?»

«አንቺ መጀመሪያ ንገሪኝ!»

«እኔ እናትሽ ነኝ፣ አንቺ ተናገሪ!»

«ዘይት ነው፣ እማዬ። የጋለ ዘይት ተረጨብኝ። ሦስት ወር ሆነው፤ ሐኪም ቤት ወስደውኛል፣ ድኗል። አባዬ እኮ ያውቃል።»

ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። እሱ ሶኬቱን ያያል።

«የእኔንም ያውቃል» አልኳት ለልጄ። «ከወደቅኩ ጀምሮ ያውቃል።»

«አባዬ!» አለች ከስልኩ ውስጥ።

ተከራይዋ ቀስ ብላ ተነሥታ «እኔ ልሂድ» አለች፤ ግን አልሄደችም፣ በሩ ጋ ቆመች።

«ሁለታችሁም ጫናችሁብኝ» አለ ባለቤቴ። «እሷ ለእናቴ አትንገር አለች፤ አንቺ ለልጄ አትንገር አልሽ። ሹፌር የሰው ዕቃ መንገድ ላይ አያራግፍም።»

«ሞተሩስ?»

«ምንም አልሞቀም» አለ።

ለእሱ ኋላ እደርስለታለሁ ብዬ ወደ ልጄ ተመለስኩ። ወደ መስኮቱ ዙሪ አልኳት፤ ዞረች። ስልኩን አቅርቢ አልኳት፤ አቀረበች። ቁስሉ ደርቋል፣ ዳር ዳሩ ሮዝ ሆኗል። አንድ ዓይንሽን ጨፍኚ፤ አሁን ሌላውን። ሁለቱም ደህና ናቸው። ጆሮዋ ጋ ጸጉር እየበቀለ ነው። በጣቴ መስተዋቱ ላይ ከላይ እስከ ታች ተከተልኩት። እሷ ደግሞ አፍሽን ክፈቺ አለችኝ፤ ከፈትኩ። ንከሺ አለችኝ፤ ነከስኩ። ስትስቅ ያ የተቃጠለው ቆዳ ሲሸበሸብ አየሁ፤ ያን ጊዜ ምስሉ ቢቋረጥ በወደድኩ። እሷም ሳይታሰብ እንባዋ መጣና ፊቷን ዞር አድርጋ፣ «እማዬ፣ እየተቆራረጠ ነው» አለች።

«አልተቆራረጠም» አልኳት።

ሣጥኑ ዛሬም ራቁቱን ቡፌው አናት ላይ ነው። ዳንቴሉን ስኳር ዕቃው ለብሶታል፤ የቀንዶቹ ኮፍያ ግን ለማንም አልሆነ። ባለቤቴ አርብ አርብ ከምሳ በፊት ሣጥኑን በመሐረቡ ይወለውላል፣ ሶኬቱን ግን አይጠጋም። ማለዳ በር ሲንኳኳ አሁንም እፈራለሁ። አርብ ስልኩ ሲጮህ ግን ሳሎን እቀመጣለሁ።

«ወደ ብርሃኑ ዙሪ» እላታለሁ ገና ሳንሳሳም።

«መጀመሪያ አንቺ አፍሽን ክፈቺ» ትለኛለች።