ከቆሽቴ ያልወጣው ኢንሱሊን

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ተከራይቼ ስኖር፣ ጠዋት ታክሲ ልይዝ ቁልቁለቱን ስወርድ ላብ ያጠምቀኝ፣ ጉልበቴም ይከዳኝ ጀመር። አንድ ቀን ጭራሽ ወደቅኩና ሰዎች ክሊኒክ አደረሱኝ። ስኳሬ ወርዶ ነበር። ዶክተሩ ያን ዕለት የተቀዳውን ደሜን ውጭ አገር ልኮ አስመረመረው። ውጤቱ ሲመጣ በሩን ዘግቶ አስቀመጠኝ።

«ቆሽት መጀመሪያ የሚሠራው አንድ ረጅም ሰንሰለት ነው» አለኝ። «ከዚያ መሃሉን ቆርጦ ያወጣና ኢንሱሊኑንም ቁራጩንም አብሮ ወደ ደም ይለቃል። አንቺ ጋ ኢንሱሊኑ ሞልቷል፣ ቁራጩ ግን የለም። ይሄ ካንቺ ቆሽት አልወጣም። ማነው የሚወጋሽ?»

የሚወጋኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አከራዬ ጋሽ ታደለ፣ ጡረታ የወጡ ድሬሰር። ለወገብሽ ብለው በየማለዳው ቫይታሚን ይወጉኛል። መርፌ ስለምፈራ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ እንጂ አይቼው አላውቅም። ምን አድርጌያቸው ነው የሚገድሉኝ?

ቤት እንደገባሁ፣ «መድኃኒቴን ያሳዩኝ» አልኳቸው።

ፍሪጁን ከፈቱና፣ ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ሁለት ብልቃጦች በእጃቸው ዳበሱ። «ይኸው ልጄ፣ የግራው ያንቺ ነው። የቀኙ የባለቤቴ የስኳር መድኃኒት ነው።»

የግራውን አንስቼ አነበብኩት። ኢንሱሊን ይላል።

እፎይ አልኩ፤ ተሳስተው ነው እንጂ ሊገድሉኝ አልነበረም። ወዲያው ግን ሚስታቸው እትዬ አስካለ ከጓዳ ተጣሩ፤ ከሰሞኑ ሥራቸው ይሄው ነው።

«ኧረ ውሃ ስጡኝ! ምን ዓይነት ጥም ነው የያዘኝ?»