ከግርጌ ያለው ወንበር

የሰፈር ሰው «ቀጭኔ» ይለዋል። ዕድሜውን በሰው አገር ቅርጫት ኳስ ሲጫወት፣ ከአንዱ ክለብ ወደ ሌላው ሲንከራተት ጨረሰው። የሚሰጡት አልጋ ሁሉ ስለሚያጥረው፣ አዲስ ክፍል በገባ ቁጥር ሻንጣውን ሳይፈታ ከግርጌው ወንበር ያስጠጋና እግሩን ይሰቅልበት ነበር።

ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ጓዙን ጠቅልሎ እናቱ ቤት ገባ። እሷ ለካ በሄደ ማግስት አናጢ ጠርታ፣ በቁመቱ ልክ አልጋ አሠርታ ስትጠብቀው ኖራለች።

ጠዋት ልትቀሰቅሰው ስትገባ ወንበሩ ከግርጌው ተጠግቷል። ልጇ ወደ ታች ተንሸራቶ፣ እግሩን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ተኝቷል፤ ትራሱ ራስጌ ብቻውን ቀርቷል።

«አጠረህ እንዴ ልጄ?»

«ኧረ አላጠረኝም እማዬ። እንዲህ ካልሆንኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

እናቱ ትራሱን አንስታ ከተረከዙ ሥር አደረገችለት።